ኪሱ ወደ ቀኝ የዞረው ኮት

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ሁሉ ለብሰው በሚወጡበት በዚያ በደጉ ዘመን፣ ዳምጤ የሚባል ግራኝ አህያ ነበር። አባቱ በአያ አንበሶ ግቢ አጋፋሪ ሆነው ያረጁ፣ እንግዳውን ሁሉ በስሙ ጠርተው በማዕረጉ የሚያስቀምጡ ነበሩ። ከደረት ኪሳቸው ነጭ መሐረብ መዘዝ አድርገው የእንግዳውን መቀመጫ ጠረግ ሳያደርጉለት ማንንም አያስቀምጡም። ሲሞቱ ለልጃቸው የተዉት አንድ ግራጫ የሱፍ ኮት ብቻ ነው። አባቱ እሁድ እሁድ ጠዋት በብሩሽ ሲጠርጉት፣ የናፍታሊኑ ሽታ ቤቱን ሲሞላው፣ ዛሬም በዳምጤ ዓይን ላይ ይዞራል። ኮቱ ግን ወይቧል።

ፋሲካ ሲቃረብ አያ አንበሶ አስጠራው።

«የአባትህ ቦታ ባዶ ነው። ለበዓሉ በር ላይ ቆመህ ልይህ። ከሆነልህ የአጋፋሪነቱ ዘንግ ያንተ ነው፤ ካልሆነልህ ለሌላ እሰጠዋለሁ» አለው።

ዳምጤ በዓለም ላይ ከዚህ በላይ የሚመኘው ነገር አልነበረም። እንደ ድሮዎቹ ዘናጮች ለብሼ ነው የምቆመው አለና ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ገበያ ወጣ። ሳልባጅ ልብስ የምትሸጠው እመት ቀበሮ ሱፉን ገና ስትዳስሰው ምን ዓይነት ዕቃ እንደሆነ ገባት። ፊቷ ላይ ግን ምንም አላሳየችም።

«ውይ የኔ ጌታ፣ ይሄማ አልቆለታል» አለች። «ድሮን መልበስ ካማረህ ሙሉውን ነው እንጂ። ባርኔጣው ይኸው፣ እግሩ የሰፋው ቦላሌ ሱሪ ይኸው፣ ባለ ተረከዙ ጫማ ይኸው። በዚች አሮጌ ኮት ልለውጥህ፤ ላንተ ስል ልጎዳ።»

አባቱ በሕይወታቸው ቦላሌ አድርገው አያውቁም። ዳምጤም ይህን ያውቃል። መስታወት ፊት ሲዟዟር ግን ልቡ ቀለጠና ኮቱን ሰጥቶ ሄደ።

የፋሲካ ዕለት ባርኔጣው ጆሮዎቹን ደፍጥጦ ስለያዛቸው የእንግዶቹን ስም መስማት አቃተው። ዝሆንን ከሕፃናት መደዳ፣ አይጥን ከመኳንንቱ ጎን አስቀመጠ። ስህተቱን ሊያርም ሲሮጥ ደግሞ የቦላሌውን ጫፍ ረግጦ ጠጁ ላይ ተደፋ።

«እኔ የጠራሁት የአጋፋሪዬን ልጅ ነበር» አለ አያ አንበሶ። «አንተ ማን ነህ?»

ዳምጤ ባርኔጣውን አውልቆ አቀረቀረ።

«ለአባትህ ስል አንዴ ልለፍህ። በዳግማይ ትንሣኤ ተመልሰህ ና» አለው አያ አንበሶ።

ይህን ጊዜ አያ ጅቦ እያለከለከ ገባ። ከቀበሮ የገዛውን ሦስት ኮት ደራርቧል፤ ከላይ ያደረገው ያንን ግራጫ ኮት ነው። ገና የደረሰውን የዳቢት ሥጋ ሳይጨርስ ግራጫው ኮት ከጀርባው ተተረተረ።

«ሦስት ከለበስኩ የሦስት ሰው ድርሻ የሚሰጡኝ መስሎኝ ነበር» አለ አዝኖ።

ዳምጤ ጠጋ አለው። «አያ ጅቦ፣ እኔ ሥጋ አልበላም። ድርሻዬን ይውሰዱና ኮቱን ይስጡኝ።»

«ከነአጥንቱ?»

«ከነአጥንቱ።»

ኮቱ ወዲያው መሬት ላይ ነበር።

ዳምጤ የተቀደደውን ኮት ይዞ፣ ድሮ ለአባቱ ወደ ሰፉት አሮጊት ልብስ ሰፊ፣ ወደ እማማ ጦጢት ሄደ። እሳቸውም ስፌቱን በምላጭ ፈተው የጨርቁን ውስጥ ገለጡለት። ፀሐይ ነክቶት የማያውቀው ሱፍ ያው የእሁድ ጠዋቱ ግራጫ እንደሆነ ነበር። ዳምጤ እንባው መጣ።

«ገልብጬ እሰፋልሃለሁ» አሉት። «የደረት ኪሱ ግን ከግራ ወደ ቀኝ ይዞራል። የተገለበጠ መሆኑ ይታወቅብሃል።»

«ይታወቅ። ብቻ በአባቴ ልክ ያድርጉልኝ።»

«አባትህ ደረተ ሰፊ ነበሩ፤ አንተ ቀጭን ነህ። በሳቸው ልክ ብሰፋው እሳቸውም አይኖሩበት፣ አንተም አትኖርበት።»

ዳምጤ እጆቹን ዘርግቶ «እንግዲያው ይለኩኝ» አላቸው። እማማ ጦጢትም የተቀደደውን ቆርጠው በልኩ አጠበቡት።

በዳግማይ ትንሣኤ ዳምጤ ባርኔጣ ሳያደርግ፣ ጆሮዎቹን አቁሞ በሩ ላይ ቆመ። የእንግዶቹን ስም ገና ከሩቅ እየሰማ ሁሉንም በየቦታው አስቀመጠ።

«ኪስህ ዞሯል እኮ» አለችው እመት ቀበሮ ስታልፍ፣ ከንፈሯን መጠጥ አድርጋ።

ዳምጤ ከቀኝ ኪሱ ነጭ መሐረብ በግራ እጁ መዘዝ አደረገና መቀመጫዋን ጠረገላት። ለግራኝ የቀኝ ኪስ እንዴት እንደሚመች ያን ጊዜ ነው ያወቀው።

አያ አንበሶ ይህን አይቶ መብላቱን ተወ። ብዙ ዓመት ያላየውን ወዳጅ ያየ መሰለው።

«አባትህ በቀኙ ነበር የሚጠርገው» አለ።

«እኔ በግራዬ ነኝ ጌታዬ።»

አያ አንበሶ ተነሥቶ የአባቱን ዘንግ ከግድግዳው አወረደ። «በል እንካ» አለው፤ «በግራህ ያዛት።»

ከዚህ የምንማረው፣ የአባቶቻችን ዘመን ውበት የሚያምርብን በራሳችን ልክ አሰፍተን ስንለብሰው መሆኑን ነው።