ጥሩ መጠጥ ብቻ

ተረት ተረት ስላችሁ ላሞቻችሁን አስገቡና ስሙኝ።

አንዲት ጃርት ሰፈሯ ጥሩ መጠጥ በማጣቱ አዝና፣ ቢራውን በእጇ ጠምቃ፣ ወይኑን ሦስት ክረምት አቆይታ፣ መጠጥ ቤት ከፈተች። በሩ ላይም «ጥሩ ቢራና ጥሩ ወይን ብቻ» ብላ ጻፈች።

መጀመሪያ ጅብ መጣ። «ቤትሽስ ያምራል፤ ግን ቁርጥ የሌለበት ቤት ምኑን ቤት ሆነ?» አላት።

«እውነትዎን ነው፣ አያ ጅቦ» አለችና የወይኑን ማሰሮዎች ጓሮ አውጥታ በቦታቸው ሥጋ ሰቀለች።

በማግሥቱ አውራ ዶሮ ብቅ አለ። «ዘፋኝ ሳይኖርሽ ማን ይመጣልሻል? እኔ አለሁልሽ፤ ግን መሬት ቆሜ አልዘፍንም» አላት። ጃርትም የቢራ በርሜሎቿን ደፍታ መድረክ ሠራችለት።

ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ጃርት «ሰፈራችን ለካ መጠጥ ዐዋቂ ነው!» እያለች በደስታ አነባች።

አንድ ቀን የወይኑን ዝና ሰምታ ከሩቅ አገር ስታዘግም የከረመች ኤሊ ደረሰች። «እባክሽ እቴ፣ አንድ ብርጭቆ ወይን ቅጂልኝ» አለቻት።

ጃርት በኀፍረት ዙሪያዋን ቃኘችና ጆሮዋ ሥር ጠጋ ብላ፣ «እቴ፣ ቁርጥ ካላዘዝሽ ወንበር አትያዢብን፤ የተከበረ መጠጥ ቤት እኮ ነው» አለቻት።

ተረቴን መልሱ፤ ዳቦው ይቅርና አፌን በአንድ ብርጭቆ አርጥቡልኝ።