ለከባድ ቀን የሚሆን ቀለም

አንዲት ሴት ነበረች። ጥያቄሽን አልዘነጋሁትም፤ «የዕለት ማስታወሻዬን አሳምሬ ልጽፍ ነውና ከእነዚህ ሁሉ ባለ ብሩሽ እስክሪብቶዎች የትኞቹን ቀለሞች ልግዛ?» ነው ያልሽኝ። መልሱ ያለው ከዚህች ሴት ዘንድ ስለሆነ መጀመሪያ እሷን ስሚ።

ሴትዮዋ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ነበረች፤ ባሏ አናጢ ነበረ። የሚኖሩባት ከተማ ትንሽ ስለነበረች የእጅ ጽሕፈቷን የማያውቅ አልነበረም። የትምህርት ቤቱን ግድግዳ ፊደል ያለበሰችው እሷ ናት። ሠርግ የደገሰ ጥሪውን፣ ልጁን ክርስትና ያስነሳ ካርዱን በእሷ እጅ ያስጽፍ ነበር። ብሩሹን ስታወርድ ታወፍረዋለች፣ ስታወጣ ታቀጥነዋለች፤ የ«መ»ን ሁለት ሆዶች እኩል ስትነፋቸው ያየ ሰው ፊደሉ የሚተነፍስ ይመስለው ነበር።

ለራሷ ደግሞ አንድ ደብተር ነበራት። ሲመሻሽ ቁጭ ብላ ቀኑን በአንድ ቃል ትሰይመዋለች። ቃሉን ከገጹ አናት ላይ በትልቁ በባለ ብሩሹ ትጽፍና ከሥሩ በተራ እስክሪብቶ ጥቂት መስመር ታክልበታለች። ዝናብ የዘነበ ቀን «ዝናብ» ይባላል፤ ዘመድ ድንገት የመጣ ቀን «እንግዳ» ይባላል።

ቀለም ስትመርጥ ግን የራሷ ሕግ ነበራት። የጽሕፈት መሣሪያ ሻጩ ሣጥኑን ከፍቶ ሲያቀርብላት ቢጫውን፣ ብርቱካናማውን፣ ሮዙንና ውሃ ሰማያዊውን ታነሳለች። ግራጫውን፣ ጥቁሩንና ጥቁር ሰማያዊውን ወደ እሱ መልሳ ትገፋቸዋለች። ሻጩ እነዚህም እኮ ያስፈልጉሻል ቢላት፣ «ደብተሬ ውስጥ ሐዘን አይገባም» ብላ ትስቃለች።

ቃሏንም ጠበቀች። ከርእሰ መምህሩ ጋር የተጣላችበትን ቀን በሮዝ ቀለም «ትዕግሥት» ብላ ሰየመችው። አባቷን ሆስፒታል ስታስታምም የዋለችበትን ቀን ደግሞ ምንም ሳትጽፍበት ዘለለችው። ጓደኞቿ ደብተሩን እየተቀባበሉ ሲያገላብጡ አበባ የሞላው ጓሮ ይመስላል ይሏት ነበር፤ እሷም ደስ ይላት ነበር። አይፈረድባትም፤ ሥራዋ በእርግጥም ያምር ነበር።

ከጊዜ በኋላ ሴትዮዋ ፀነሰች። ሴት ልጅ መሆኗን ሐኪም ሲነግራቸው ባልና ሚስቱ ማንም ሳይሰማ ስም አወጡላት። ትርሲት አሏት፤ ጌጥ ማለት ነው። ባልየው ከሥራ መልስ ትንሽ አልጋ መሥራት ጀመረ። ደብተሩም በዚያ ሰሞን እንደ ደመቀ ሰነበተ።

ፅንሱ ግን አልጸናም። አንድ ቀን ጠዋት ክፍል ውስጥ ሕፃናቱን እያስዘመረች ሳለ ሕመም ጀመራት፤ ወደ ሐኪም ቤት ወሰዷት፤ ስትመለስ ልጅቷ የለችም። ጎረቤት መጣ፣ ዘመድ መጣ። የሁሉም ቃል አንድ ዓይነት ነበር፤ ገና ወጣት ናችሁ፣ እግዚአብሔር ሌላ ይሰጣችኋል አሉ። ላልተወለደ ልጅ ለቅሶ አይቀመጡምና ድንኳን አልተተከለም።

ወደ ሥራዋ በተመለሰችበት ዕለት ደብተሯን ገለጠችና በቢጫ ቀለም «ምስጋና» ብላ ጻፈች። ጽፋ ስታበቃ ቃሉ ሌላ ሰው የጻፈው መሰላት። ቢጫው በነጩ ወረቀት ላይ ከመሳሳቱ የተነሣ ራቅ ብለው ሲያዩት አይነበብም ነበር። ደብተሩን ዘጋችና ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ሰቀለችው።

ቤቱ ዝም አለ። ባልየው የጀመረውን አልጋ አንድ ቀን እሷ በሌለችበት አንስቶ ወሰደው፤ የት እንዳደረሰው አልተናገረም፣ እሷም አልጠየቀችውም። እሱ ሲመጣ ፊቷን ታበራለች፤ ራት ታቀርባለች፤ ሕፃናቱ ክፍል ውስጥ ያሉትን እየነገረች ትስቃለች። እሱ ሳቋን እያየ ልጃችንን ረስታታለች ብሎ አዘነ። እሷም አልጋው የነበረበትን ባዶ ቦታ እያየች ረስቷታል ብላ አዘነች። ቀስ በቀስ እሱ እንጨት ሥራ ቤቱ ማምሸት አበዛ፤ እሷም ሳትጠብቀው መተኛት ለመደች። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። አንዲትን ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር ሆነው ለየብቻቸው ያለቅሷት ነበር።

ነገሩ እንዲህ እንዳለ አንዲት የሥራ ባልደረባዋ ወለደች። መምህራኑ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚል ካርድ እንድትጽፍላቸው ጠየቋት። እምቢ ብትል የሚቀየማት አልነበረም፤ እሷ ግን እሺ አለች። ደማቅ ቀለሞቿን አውጥታ ጻፈች፤ ካርዱም እንደ ልማዷ አማረ። አስረክባ ስትወጣ ግን ወደ ቤቷ መሄድ አቃታት። እግሯ ወደ ጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ ወሰዳት።

ጠቆር ጠቆር ያሉትን ቀለሞች እንዲያሳያት ሻጩን ጠየቀችው። እሱም ደርድሮ አቀረበላት። ቁራጭ ወረቀት ላይ አንድ በአንድ ሞከረቻቸው። ጥቁሩ ቁጣ ሆነባት፤ ግራጫው አቅም አነሰው። ጥቁር ሰማያዊውን ስታወርደው ግን ፀሐይ ጠልቃ ገና ኮከብ ሳይወጣ ያለውን ሰማይ መሰላት። ጫን ስትለው ይጠልቃል፤ ስታቀልለት ይጠራል። እሱን ገዝታ ሄደች።

ቤቷ ደርሳ ደብተሩን አወረደች። «ምስጋና» ያለችበትን ገጽ አልቀደደችውም፤ አለፈችውና አዲስ ገጽ ገለጠች። ከአናቱም በትልቁ «ትርሲት» ብላ ጻፈች፤ ብሩሹን እስከ ታች ድረስ ጫን እያለች፣ ሳትቸኩል ጻፈችው። ከሥሩ «ልጃችን ነበረች። አብራን ኖራለች» የሚል አከለችበት። ከዚያ በላይ የምትለው አልነበራትም። ቀለሙ እንዲደርቅ ደብተሩን እንደ ተገለጠ ጠረጴዛው ላይ ተወችውና ጓሮ ወጥታ ተቀመጠች። እንባዋ የመጣው ያን ጊዜ ነው።

ተመልሳ ስትገባ ባሏን ጠረጴዛው አጠገብ ቆሞ አገኘችው። አንብቦታል።

«ስሟን ጻፍሽላት» አላት።

«ጻፍኩላት» አለችው።

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «የረሳሻት መስሎኝ ነበር፤ ስትስቂ ሳይሽ» አለ።

«እኔም አንተ የረሳሃት መስሎኝ ነበር። አልጋዋን አንስተህ ወሰድከው።»

«ዓይንሽ እንዳያየው ብዬ ነው። ሥራ ቤት አለ። እዚያ የማመሸውም እሱን ሳለሰልስ ነው» አላት።

ቀጥሎ እስክሪብቶውን እንድትሰጠው ለመናት። እንዲህ ያለ ነገር በእጁ ይዞ አያውቅም። እንጨት ላይ በእርሳስ እንደሚያሰምር ተጭኖ ከስሟ ጎን «አባቷ» ብሎ ጻፈ፤ የብሩሹም ጫፍ ተንጨፍርሮ ቀረ። ሴትዮዋ ለቀለሞቿ ትሳሳ ነበር፤ ይህን ስታይ ግን ቅር አላላትም። በዚያ ቀን የቀረበ ራት አልነበረም፤ ስለ ልጃቸው ሲያወሩ አመሹ።

በማግስቱ ትይዩው ገጽ ላይ በዚያው በቢጫዋ «ፀሐይ» ብላ ጻፈች። ቢጫው ከጥቁር ሰማያዊው ፊት ለፊት ሲቆም እንደ ቢጫ ሲያበራ ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው። እስከዚያ ድረስ በነጭ ላይ ነጭ ስትጽፍ የኖረች መሰላት።

ጓደኞቿ ዛሬም ደብተሩን ያገላብጣሉ። እዚያ ገጽ ላይ ሲደርሱ ግን እጃቸው ይቆማል። አንዲት ጠና ያሉ መምህርት ገጹን አይተው ደብተሩን ጭናቸው ላይ አኖሩና፣ እሳቸውም ስላጡት ልጅ ለማንም ነግረው የማያውቁትን ነገሯት። የእሱንም ስም እንድትጽፍላቸው ጠየቋት፤ ጻፈችላቸው። እሳቸውን ተከትለው ሌሎችም መጡ። ለሠርግ ጥሪ ደጇን ይጠኑ የነበሩ ሰዎች ለዚህም ይፈልጓት ጀመር። ሌላ ልጅ ወለዱ ወይ ብለሽ እንዳትጠይቂኝ፤ ቢወልዱም ባይወልዱም ቤታቸው ከዚያ ወዲህ ሰው የሚነጋገርበት ቤት ሆኗል።

እንግዲህ ልጄ፣ ሴትዮዋ አንቺን ትመስላለች። ዝርዝሩ ላይ ምልክት ያደረግሽባቸውን ቀለሞች አየኋቸው፤ ሁሉም ደማቅ ናቸው። ለሠርግ ጥሪ ቢሆኑ ኖሮ አንዱንም አልነቅፍብሽም ነበር። የዕለት ማስታወሻ ግን ቤት ማለት ነው። ሳሎን ብቻ ያለው ቤት ለእንግዳ ያምራል፤ ባለቤቱ ግን የሚያለቅስበት ጓዳ ያጣል። ስለዚህ መደብሩ ስትገቢ በዓይንሽ ብቻ አትምረጪ። ወረቀት ለምነሽ ሞክሪው፤ ጫን በዪው፣ አቅልዪለት። ከሁሉ አስቀድመሽ፣ የምትወጂውን ሰው ስም በሐዘንሽ ቀን ብትጽፊበት የማይቀልብሽን አንድ ቀለም ምረጪ። እሱን ካገኘሽ የቀሩትን መምረጥ ቀላል ነው። ቢጫም ውሰጂ፣ ሮዝም ውሰጂ፤ ከእሱ ጎን ሲቆሙ ያበራሉ።