የአህያዪቱ ናፍቆት በሚዛን

አንድ ጊዜ፣ ሳይጠና ዝናብ እንኳ ጠብ አይልም በሚባልበት ዱር፣ ለንጉሥ አንበሳ ውሃ የምታመላልስ አንዲት አህያ ነበረች። ውርንጭላዋን የጨው ነጋዴዎች ወንዙን አሻግረው ከነዱባት ወዲህ ግን ውሃ ልትቀዳ በወረደች ቁጥር ማዶ ማዶውን እያየች ትቀራለች። አንበሳም በጥም ይቃጠላል።

«ምን ሆነሽ ነው ወንዝ ዳር የምትገተሪው?» አላት አንድ ቀን።

«ጌታዬ፣ ሸክም ከብዶኝ ነው። ጨውም እህልም ተሸክሜ አውቃለሁ፤ እንደ ልጅ ናፍቆት ግን ወገቤን የሰበረው የለም። እባክዎ የውሃ ቅሎቹን ለሌላ ይስጡልኝና እዚያው ልጠብቀው።»

አንበሳ ጀርባዋን ቢያይ ባዶ ነው። ንጉሥ ግን በዓይኑ ብቻ አይፈርድምና ሊቁ ቀበሮ ተጠራ። «ሸክም ካገኘህባት ከሥራዋ ትረፍ፤ ካጣህባት ውሃዬን ታምጣ» ተባለ።

ቀበሮ ሳንቃ በድንጋይ ላይ አጋድሞ ሚዛን ሠራ። ጅብ ረዳት ሆኖ በአንደኛው ጫፍ ድንጋይ ይከምራል።

«በይ እመት አህያ፣ በሌላው ጫፍ ላይ ውጪና ናፍቂ።»

ወጣች፤ ናፈቀች። ሳንቃው ተስተካከለ።

«አሁን ደግሞ ውረጂና ልጅሽን ረስተሽ ውጪ።»

«እንዴት አድርጌ ነው የምረሳው?»

«እሱ በጥናቴ አልተካተተም።»

እንደምንም ወጣች። ሳንቃው ንቅንቅ አላለም።

ጅብ ምራቁን ዋጥ አድርጎ፣ «ጌታው፣ ናፍቆት ሥጋ ነው አጥንት?» ሲል ጠየቀ።

«ሁለቱም አይደለም፣ አያ ጅቦ።»

«ኤዲያ! ታዲያ ምን ያስለፋናል?»

ቀበሮ ወደ አንበሳ ዞሮ፣ «በጥናት ተረጋግጧል፤ ሸክም የለባትም» አለ።

«ሊቁ ካሉ የለብኝም ማለት ነው» ብላ አህያ ቅሎቹን ተጫነች። እግሮቿ ግን ጥናቱን አልሰሙም መሰለኝ፣ ወንዙ ዳር ሲደርሱ እንደ ድሮው ይገተራሉ።

ክረምቱ ገባ፤ ወጣ። የቀበሮ ሚስት ወንዙን እንደተሻገረች ሳትመለስ ቀረች። አንድ አመሻሽ ላይ አህያ ውሃ ልትቀዳ ብትወርድ፣ ቀበሮ ሳንቃውን ወንዝ ዳር አጋድሞ ብቻውን ቆሞበታል።

«ደግሞ ምን እየመዘኑ ነው፣ ሊቁ?»

«ሚዛኑ ሳይበላሽ አልቀረም» አለ። «ምንም የለብህም ይለኛል።»

«ለእኔም እንዲሁ ብሎኝ ነበር።»

ቅሎቹን አውርዳ አጠገቡ ቆመች። «የእኔ በዚያ በሾላው በኩል ነው የሄደው።»

«የእኔዋም በዚያው ነው የሄደችው» አለ ቀበሮ።

ከበስተኋላ አንበሳ «ውሃ!» እያለ ያገሳል። ሁለቱም ዓይናቸውን ከማዶው አልነቀሉም።

ከዚህ የምንማረው፣ ሚዛን ዋሽቶ እንደማያውቅ፣ ያልተጫነበትን ግን አውቆ እንደማያውቅ ነው።