በእንፋሎት የቀና ባርኔጣ

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ ጋሽ ዘለለው።

እኚህን የሰፈር ሽማግሌ ምክር ልትጠይቅ የመጣችው ወይዘሮ አሰገደች ጥያቄዋን ገና መጨረሷ ነበር። ትዳሯ ፈርሶ የተመለሰች ልጇ ሦስት ወር ሙሉ አትስቅ፣ አታወራ። እናት ትመክራለች፣ ትቆጣለች፤ ልጅ ይብሱን ትደርቃለች። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሻንጣዋን ስታዘጋጅ አየቻት። «እንደ ድሮዋ እንድትሆንልኝ ምን ላድርግ?» ነበር ጥያቄዋ። ጋሽ ዘለለው ግን ሲጠየቁ በቀጥታ መመለስ አይሆንላቸውም፤ እንዲህ ሲሉ ቀጠሉ።

ሰውየው ከሟች አባቱ የቀረው አንድ የሱፍ ባርኔጣ ብቻ ነበር። ሳጥን ውስጥ ከትቶ ቡልኮ ሲጭንበት ከርሞ፣ የአባቱ ሙት ዓመት ሲደርስ ቢያወጣው ተጨፍልቆ ቂጣ መስሏል። በዚያ ቀን አድርጎት ሊወጣ ቃል ገብቶ ነበርና ክፉኛ አዘነ።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? መጀመሪያ በደረቁ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጎተተው፤ ጠርዙ ሊሰነጠቅ ደረሰ። ቀጥሎ ብረት እንኳ በእሳት ይቃናል ብሎ ውሃ ነክሮ ከሰል ምድጃ አጠገብ አኖረው። ሱፍ ብረት አይደለም። አንዱ ጎኑ መኮማተር ሲጀምር ሚስቱ ደርሳ ነጠቀችው።

አልተቆጣችውም። ማንቆርቆሪያ ጣደችና ውሃው ሲፈላ ባርኔጣውን ከእንፋሎቱ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጋ ያዘችው። ሱፉ ሲለሰልስ በጣቷ ትንሽ ገፋ ታደርገዋለች፤ ሲጠነክርባት አትታገለውም፣ ወደ እንፋሎቱ ትመልሰዋለች። ከረፋድ እስከ ቀትር እንዲሁ ስታደርግ ቆየች። ቅርጹ ሲመለስለት የራስ ልክ የሆነ ቅል ውስጡ ከታ ጥላ ውስጥ አስቀመጠችው። ባሏ በየደቂቃው ሊነካካው ሲነሳ እስኪደርቅ እጁን እንዲሰበስብ ነገረችው።

ሲደርቅ ሁሉም ቀንቷል፤ ከፊቱ ግን አንዲት ጎድጎድ ያለች ቦታ ቀርታለች። ሰውየው ይቺን ረስተሻል አላት።

«አልረሳሁም» አለችው። «አባትህ ቤተ ክርስቲያን ደጅ በደረሱ ቁጥር ባርኔጣቸውን የሚያነሱት በዚህ በኩል ይዘው ነበር። የጣታቸው ቦታ ናት። እስኪ ያንተን አስገባባት።»

አስገባ፤ ልክ ሆነችው። ያን ጊዜ አለቀሰ። በሙት ዓመቱም ቀን ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲደርስ በዚያችው ቦታ ይዞ ባርኔጣውን አነሳ።

ጋሽ ዘለለው ወደ ወይዘሮ አሰገደች ዞሩ።

«አየሽ ልጄ፣ ልጅሽ ያ ባርኔጣ ናት። የከበደ ነገር ተጭኗት ተጨፈለቀች እንጂ ከሱፏ የጎደለ የለም። አንቺ በምክርሽ በደረቁ ትጎትቻታለሽ፣ አልሆን ሲልሽ እሳት ታመጫለሽ። ሙቀትሽን ስጫት፤ ስንዝር ታህል ግን ራቂላት። ስትጠነክር አትታገያት። እንደ ድሮዋም አትሆንም፤ ያለፈችበት ነገር ቦታው ይቀራል። እሱን ላጥፋ አትበይ። ማን ያውቃል፣ ነገ እንደሷ የተጨፈለቀ ሰው ስታገኝ ሕመሙን አውቃ የምትይዘው በዚያ ይሆናል።»

ወይዘሮ አሰገደች በቀስታ የልጄን ሻንጣስ ምን ላድርገው ብላ ጠየቀች።

«ሻንጣውን አትንኪ» አሉ ጋሽ ዘለለው። «ምሳ ሠርተሽ አጠገቧ ቁጭ በይ። ዛሬ ምንም አትጠይቂያት።»