ካልቀናትስ ብሎ የጠየቀው ጋዜጠኛ

ዘመኑ 1998 ዓ.ም.፣ ወሩ ሐምሌ ነበር። ዝናቡ ከገባ ጀምሮ ሰማዩ አንድ ቀን እንኳ አልጠራም።

ስንሻው ከአጎቱ የተዋሳቸውን ሁለት በሬዎች ወንዝ ሲያሻግር ደራሽ ውሃ መጣበት። አንዱን በሬ ውሃው ይዞት ሄደ። ሌላውን ሰዎች አግዘውት ጎትቶ አወጣውና በረት አስተኝቶት ወደ አባቱ መጣ። ልብሱ እየተንጠባጠበ በሩ ላይ ቆመ።

«አባ፣ ለአጎቴ እንዴት ብዬ ልንገረው? ወይስ ዛሬን ዝም ብዬ ነገ ሽማግሌ ልላክበት?»

አባቱ ሞፈር እየጠረበ ነበር። ንግግር የማያበዛ ሰው ነው። መጥረቢያውን አስቀመጠና «ተቀመጥ» አለው። ከዚያ እንዲህ ሲል ነገረው።

አንድ ሰው ነበረ፤ የሬዲዮ ጋዜጠኛ። የዓለም ሯጮች ሁሉ የሚገናኙበት ታላቅ ውድድር በባሕር ማዶ ሊደረግ ሲል፣ ሄደህ ሩጫውን ለሕዝቡ አስተላልፍ ተባለ። በዚያ ጊዜ በገጠሩ ቴሌቪዥን አልነበረም። ሰው ሩጫውን የሚያየው በዚህ ሰው አፍ ነበር። አገሩ ደግሞ ተስፋውን የጣለው በአንዲት የገበሬ ልጅ ላይ ነው።

አብረውት የሚሄዱት ባልደረቦቹ ለመንገዱ ተሰናዱ። አንዱ ሙሉ ልብስ አሰፋ፣ አንዱ ጫማ ሊገዛላት የሚስቱን እግር በክር ለካ። የእሱ ሻንጣ ግን ባዶውን አልጋ ሥር ተቀምጧል። የሯጮቹን ስም፣ ያስመዘገቡትን ሰዓት፣ የአሯሯጣቸውን ዘዴ ሁሉ አጥንቶ ጨርሷል። አንድ ነገር ብቻ እንቅልፍ ነሳው። ልጅቱ ብታሸንፍ ደስታው ራሱ ያናግረዋል። ብትወድቅስ?

«በእኛ አገር መርዶ እንኳ በድንገት አይነገርም» አለ በልቡ። «ዘመድ ተጠርቶ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ ነው። እኔ ግን በአንድ ትንፋሽ እናቷ ጆሮ ላይ ልጥለው ነው።»

ስለዚህ መሄጃው ሲቃረብ አውቶቡስ ተሳፍሮ ወደ ልጅቱ መንደር ወረደ።

ቤቱ ሰርግ ቤት መስሏል። ሴቶቹ ጠላ ይጠምቃሉ፤ ወንዶቹ ለዳስ ምሰሶ ጉድጓድ ይቆፍራሉ። ጋዜጠኛው መሆኑን ሲያውቁ እልል አሉለት።

«ስትገባ ጩኽ እንጂ!» አለው አንዱ ቆፋሪ። «የእኛ ሬዲዮ ባትሪው ደክሟል። አንተ ካልጮህክ ማሸነፏን የምንሰማው በዓመቱ ነው።»

ሳቁ። እሱም አብሯቸው ሳቀ። ከዚያ የልጅቱን አባት ጠጋ ብሎ ቀስ አድርጎ ጠየቃቸው።

«አባቴ፣ ካልቀናትስ? ብትወድቅ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ?»

የሰውዬው ፊት ጠቆረ። «ምን አልክ?»

«ሩጫ ነውና፣ ምናልባት...»

«ገና ሳትሮጥ መውደቋን? ሟርተኛ! አንተ ነህ እዚያ ቆመህ የምትናገርላት? ውጣልኝ ከደጄ!»

እልልታው ጸጥ አለ። ጋዜጠኛው ይቅርታ ጠይቆ ከግቢው ወጣ። መንደሩን ግን ጥሎ አልሄደም። ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። የሚመለስበት አውቶቡስ እያየው አለፈ። መልስ ሳይዝ ማይክሮፎን መጨበጥ አልሆንልህ አለው።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል የልጅቱ እናት ውሃ የሚቀዱ መስለው እንስራ አዝለው ወጡ። አጠገቡ ሲደርሱ ቆሙ።

«አንተ ደግሞ ግትር ነህ» አሉት።

«ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ።»

«ያልከውን እኔም ሳስበው ነው የምውል። ለማን ልንገር? ገና ልጅ ሆና ስትወድቅ፣ ብድግ ማለቷን ካላየሁ ነፍሴ አትመለስም ነበር። እንግዲህ ከወደቀች መውደቋን አትደብቀኝ። ነገር ግን ማን ቀደመ፣ ማን ወሰደ እያልክ፣ መነሣቷን ሳትነግረኝ ወደ ሌላ ሰው እንዳትሄድብኝ።»

«አልሄድም» አላቸው።

ይህን ይዞ ተመለሰ። ሻንጣውንም ያን ጊዜ ሸከፈ።

የውድድሩ ቀን፣ ሩጫው ወደ ማለቂያው ሲቃረብ የሯጮች እግር ተጠላለፈና ልጅቱ ወደቀች። ከፊት ሁለት የውጭ አገር ሯጮች ለወርቁ ይተናነቃሉ። የሙያው ልማድ ዓይንህን ከመሪው አትንቀል ነው። ባልደረባው ጎኑን እየጎሸመ «መሪዎቹን! መሪዎቹን ተናገር እንጂ!» ይለዋል። እሱ ከወደቀችው ንቅንቅ አላለም።

«ወደቀች» አለ። አልጮኸም፤ አልሸፈነምም። «ጠብቁኝ፣ ከእሷ ጋር ነኝ። እጇን መሬት ላይ ተከለች። በጉልበቷ ተንበረከከች። አሁን ቆመች። ተነሥታለች። እየሮጠች ነው።»

ወርቁን ማን እንደወሰደው የተናገረው ከዚያ በኋላ ነው።

በመንደሩ ዳስ ውስጥ የልጅቱ አባት «ወደቀች» ሲባል ከበርጩማቸው ብድግ ብለው ነበር። «ተነሥታለች» ሲባል መልሰው ተቀመጡ። እናቲቱም ደረታቸውን የያዙበትን እጅ አወረዱ። ቆየት ብለው አባትየው «ያ ሰውዬ ሰው ነው» አሉ።

የስንሻው አባት ነገሩን እዚህ ላይ አቆመና ወደ ልጁ ዞረ።

«አንተም እንዴት ልናገር ብለህ መጣህ። ያ ሰው አፉን ሲያሰማምር አልከረመም፤ ሰሚው ምን እንደሚጨንቀው ቀድሞ ሄዶ ጠየቀ። ስድቡንም ቻለ። ስለዚህ ክፉውን ሲነግራቸው መሬት ላይ ጥሏቸው አልሄደም። በል ንገረኝ፣ በሬህን ውሃ ወሰደው ስትለው አጎትህ መጀመሪያ ምን ይልሃል?»

ስንሻው ጥቂት አሰበ። «‹ሁለተኛውስ?› ይለኛል።»

«እኮ፣ ሁለተኛውስ?»

«እንጃ፤ እንደተኛ ትቼው መጣሁ።»

«እንግዲያ ገና አልተሰናዳህም» አለው አባቱ፤ መጥረቢያውንም አነሣ።

ስንሻው ሽማግሌ መላኩን ተወው። ወደ በረት ገባ። የበሬውን እግር በጭድ አሸለት፣ ትከሻውን ከጎኑ አስገብቶ ወደ ላይ ገፋው። በሬው ተንገዳገደ፣ ወደቀ፣ እንደገና ሲገፋው ቆመ። ውሃ ሲያቀርብለት ጠጣ። ያን ጊዜ ስንሻው ዱላውን ይዞ፣ ዝናቡ እየወረደበት፣ ወደ አጎቱ ቤት ሽቅብ ወጣ።