አያ ጅቦ የሞላው ኮምፒውተር

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት መዝገባቸውን ሁሉ በአንድ ኮምፒውተር በሚያስቀምጡበት ዘመን፣ አህያና ቀበሮ በአንድ ለምለም መስክ ተካሰሱ። አህያ መስኩ ከእናቷ የወረሰችው መሆኑን ብትናገርም ቀበሮ ማስረጃ የላትም ብላ ድርቅ አለች። ሣር አትበላ ነገር፣ የፈለገችው የመስኩን አይጦች ነው። ዳኛው አያ አንበሶም ፀሐይ ሳትጠልቅ አህያ ማስረጃዋን እንድታቀርብ፣ ካላቀረበች መስኩ ለቀበሮ እንዲሆን ወሰነ።

አህያ እየሮጠች መዝገብ ቤት ደረሰች። መዝገብ ያዥዋ እመት ጦጢት ፋይሉን ብትፈልገው ኮምፒውተሩ አቃሰተና አልከፍትም አለ። ነገሩ ወዲህ ነው። የመዝገብ ቤቱ ዘበኛ አያ ጅቦ ሆዱ እንደማይጠግብ ሁሉ ዓይኑም አይጠግብም፤ ክፍት ቦታ ባገኘ ቁጥር የአጥንት ፎቶ ይከትበታል። የአህያ ፋይል ቦታ አጥቶ ተቆራርጧል፤ አንዱ ቁራጭ እዚህ፣ ሌላው እዚያ ተበትኗል። ማሽኑ እየዞረ ሲለቅም ሦስት ቀን ይፈጅበታል።

ቁርጥራጩን ሰብስቦ በየቦታው መደርደር ይቻላል። ግን ጎተራ እንኳ ሲስተካከል እህሉን ለጊዜው የሚያሳርፉበት ባዶ ጥግ ይፈልጋል፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ እስከ አፉ ሞልቷል። ጦጢት ፎቶዎቹ እንዲጠፉ አያ ጅቦን ለመነችው፤ እሱ ግን እምቢ አለ። ለካ ቀበሮ ቀድማ አግኝታው ኖሮ፣ ፎቶው ከጠፋ አጥንቱም ከምድር ይጠፋል ብላ አስፈራርታዋለች። አምኗታል፤ ጅብ አይደል።

አህያ ፈራ ተባ እያለች ጠጋ አለችው።

«አያ ጅቦ፣ ከእነዚህ ውስጥ ስንቱን በልተሃል?»

ጅብ አሰበ። «አንዱንም።»

«ስታያቸውስ ትጠግባለህ?»

«ኧረ ይብስ ይርበኛል» አለ። ወደ ጦጢትም ዞረ። «ለካ እስከ ዛሬ ያስራበኝ ይሄ ኖሯል። በይ ግማሹን አጥፊልኝ።»

ጦጢት ግማሹን አጠፋችና የመደርደሩ ሥራ ተጀመረ። አህያ ጥላው ሲረዝም እያየች በሩ ላይ ተንቆራጠጠች። ቀበሮ በመስኮት ብቅ ብላ ማሽኑ ሞቷልና ነቅለው ቢጥሉት እንደሚሻል መከረች። ጦጢት ግን ከወንበሯ አልተነሳችም።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሲባል አልሰማሽም? እኛ የፈሰሰውን እየለቀምን ነው» አለቻት።

ፀሐይ ከተራራው ጫፍ ስትደርስ ማስረጃው በአንድ አፍታ ተከፍቶ ታተመ። አህያ በጥርሷ ይዛ ከነፈች። አያ አንበሶ አነበበውና መስኩን ለእሷ ፈረደ፤ ቀበሮም ጅራቷን ሸጉጣ ሄደች። አያ ጅቦ የቀሩትን ፎቶዎች ቢነካቸው ወዲያው ተከፈቱለት፤ ደስ አለው። አህያም በማግስቱ ከእናቷ መስክ ገብታ እፎይ ብላ ጋጠች።

ከዚህ የምንማረው ሁሉን ለመያዝ የሚስገበገብ ለራሱም ለሌላውም ቦታ እንደሚያሳጣ፣ ትንሽ ባዶ ጥግ የሚተው ግን የተበተነውን ሁሉ መሰብሰብ እንደሚችል ነው።