መሃል የገባ ሁሉ

አንድ ቀን፣ ሰፈሩ ውሃ ጠፍቶበት ሰው ሁሉ ጀሪካን ታቅፎ በሚዞርበት ሰሞን፣ ጋሽ ወንድይፍራው የሚባሉ አከራይ ከስልጠና ተመለሱ። ስልጠናው ስለ ምን እንደነበር እሳቸውም በቅጡ አልተናገሩም። ብቻ አሰልጣኙ ሁለት ክብ አነባብሮ ሲስል አይተው ልባቸው እዚያው ቀርቷል። ድሮም ሁሉን አውቃለሁ ባይ ነበሩ፤ ዝናብ ሲጥል ለምን እንደሚጥል ለዝናቡ የሚያስረዱ ሰው ናቸው። አሁን ደግሞ ጠመኔ ኪሳቸው ገባ። ሚስታቸው ሽንኩርት ተወደደ ስትላቸው ክብ ይስላሉ፤ ድመታቸው ጎረቤት ስታድር ክብ ይስላሉ። መቼም ስስታም ሰው እውቀት ሲያገኝ መጀመሪያ የሚያውለው ለስስቱ ነው።

በግቢያቸው ባዶ ቦታ ባገኙ ቁጥር ክፍል እየቀጠሉ ያከራያሉ። ከተከራዮቹ አንዷ ትርሲት ናት። ባሏ በጭነት መኪና ረዳትነት ወደ አፋር መንገድ ወጥቷል፤ እሷ ገና መዳህ ያልጀመረ ልጇን ይዛ ቀርታለች። ልጁን ደግሞ ሰሞኑን እያስቀመጠው ነው። አንዱን ጨርቅ አጥባ ሳታሰጣ ሌላው ይበላሻል። ጥርሱ ይሆን፣ ውሃው ይሆን፣ ወይስ ጡቴ እያለች ስትብሰለሰል ትውላለች። ያላት መመኪያ ደጃፏ ላይ የቆመው በርሜል ነው፤ ውሃውን ልጇን አዝላ ከአስፋልቱ ማዶ እያመላለሰች የሞላችው ነው። ደጋግማ ክዳኑን ከፍታ ታየዋለች፤ ሳትነካው የጎደለ ይመስላታል።

ለካ በርሜሉን ጋሽ ወንድይፍራውም ሲያዩት ኖሯል። ሌላ ማከራያ ክፍል አስጀምረዋል፤ ሲሚንቶው በምን ይቦካ? የራሳቸው ሮቶ አፉ ድረስ ሙሉ ነው፤ ግን ከሱ ላይ አንድ ባልዲ ለማስቀዳት አንጀታቸው አልቻለም።

ግንበኛው አካፋውን ተደግፎ እየጠበቀ፣ ተከራዮቹን ጠርተው አቆሙና ቆርቆሮ አጥሩ ላይ ሁለት ክብ ሳሉ፤ አንድ ትልቅ አንድ ትንሽ፣ ጫፍና ጫፋቸው የተነባበረ።

«ትልቁ እኔ ነኝ» አሉ። «ትንሹ እናንተ ናችሁ። እዚህ መሃል፣ ሁለቱ የተነባበሩበት፣ የጋራችን ነው። ገባችሁ?»

«ጋሼ፣ የኛ ለምን አነሰች?» አለ አሰጋኸኝ የሚባለው ልብስ ሰፊ።

«ዝም ብለህ ተማር! ለዚህ ነው ስትቀድ ስትሰፋ የምትኖረው።»

«እሺ፣ ቧንቧው የት ገባ?»

«በእኔ ክብ።»

«የልብስ ማስጫው ገመድስ?»

«ምሰሶው የማን ሆነና? በእኔ!»

«የሽንት ቤት ጽዳትስ?»

«እሱ መሃል ነው፣ የጋራ።»

«ቦዩ ሲደፈንስ?»

«የጋራ!»

«ታዲያ ለኛ ለብቻችን የቀረው ምንድን ነው?»

«ግዴታ» አሉና በትንሹ ክብ ውስጥ ጻፉት። ተከራዩ ሁሉ ሳቀ። ጋሽ ወንድይፍራው ትምህርቱ የገባው መስሏቸው አብረው ፈገግ አሉ።

ከዚያ ወደ ትርሲት ዞሩ። «አሁን ወደ በርሜሉ እንምጣ። የት ነው የቆመው?»

«ደጃፌ ላይ ነዋ ጋሼ።»

«ከበርሽ ደፍ ውስጥ ነው ከደፉ ውጭ?»

«ውጭ ነው፤ ግን እኮ...»

«ግን የለም! የተከራይ የሆነ ነገር ከደፍ ወጥቶ ግቢዬን ከረገጠ መሃል ገባ ይባላል። መሃል የገባ ደግሞ የእናንተም የእኔም ነው። ይሄን ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ ሳይንሱ ነው።» ይህን ብለው ለግንበኛው በአገጫቸው በርሜሉን አሳዩት።

ትርሲት የበርሜሉን ክዳን በእጇ ያዘች። «ጋሼ በእናትዎ፣ ልጁ ታሟል። ይሄ ውሃ ከሄደብኝ በምን አጥበዋለሁ?»

«ስሚ የኔ ልጅ፣ እኔ ክብ ነው የማስተምረው። ለቅሶ ከፈለግሽ እድር አለልሽ።»

«ትንሽ እንኳ ያስተርፉልኝ።»

«ክብ ማስተረፍ አያውቅም።»

ግንበኛው አፍሮ መሬት መሬት እያየ ባልዲውን አነሳ። ትርሲት ባልዲውን አየች፣ ክቦቹን አየች፣ ከዚያም ጋሽ ወንድይፍራውን።

«እና መሃል የገባ ሁሉ የሁለታችንም ነው? ሳይመረጥ?»

«ሳይመረጥ! ይሄን እፈልጋለሁ ያንን አልፈልግም ማለት አላዋቂነት ነው። እንዲያውም ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ሌሎቻችሁም ያዙት።»

ይሄኔ ከውስጥ ልጁ አለቀሰ። ትርሲት ወደ ቤቷ ገባች።

«አያችሁ?» አሉ ጋሽ ወንድይፍራው። «የተማረ ሰው አይጨቃጨቅም። ስሎ ያስረዳል፣ አለቀ።»

ትርሲት ስትወጣ ልጇን በሁለት እጇ ከፊቷ ዘርግታ ይዛዋለች። ልጁ ከወገብ በታች ምን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም፤ ሽታው ቀድሟት ደርሷል። ደፉን ተሻገረች። ግንበኛው መንገድ ለቀቀላት፣ አሰጋኸኝ አፍንጫውን ይዞ ዞር አለላት። ቀጥ ብላ ሄዳ ልጁን ከጋሽ ወንድይፍራው ነጭ ሸሚዝ ፊት አቀረበችው።

«እንኩ ጋሼ፣ ይያዙልኝ።»

«ምንድን ነው? ምን አድርግ ነው የምትይኝ?»

«ይኸው ከደፉ ወጥቶ መሃል ገብቷል። የእኔን ድርሻ ከትናንት ጀምሬ አጥቤ ጨርሻለሁ፤ ይሄ የቀረው የእርስዎ ነው።»

ጋሽ ወንድይፍራው ወደ ኋላ ሲያፈገፍጉ ከአጥሩ ጋር ተላተሙና ሁለቱንም ክብ በገዛ ጀርባቸው አበሱት። ልጁ ደግሞ፣ ሰው ወዳድ ነውና፣ እግሩን እያወራጨ ሊታቀፍ ተንጠራራላቸው።

«ወዲያ! ወዲያ አርጊልኝ!» ብለው ጮኹ። «ልጅሽም ያንቺ፣ በርሜልሽም ያንቺ!»